ጭራው የተቆረጠ ቃል

የታሰርኩት እጄ በግሪስ እንደጠቆረ ነው። ከአሶሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የሠፈራ መንደር፣ ከትራክተር ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ብሎን ስፈታ፣ ሁለት ጥንድ ጥቁር ጫማ መጥቶ ከራስጌዬ ቆመ። በዚያ አቧራ ውስጥ የተወለወለ ጫማ የሚያደርጉት የታወቁ ሰዎች ስለነበሩ ፊታቸውን ሳላይ ነገሩ ገባኝ። «አንዴ ትፈለጋለህ፤ ወዲያው ትመለሳለህ» አሉኝ። እጄን ልታጠብ ብዬ ብለምን አንደኛው «ውሃ የለም» አለኝ። በዚህ እንኳ አልዋሸም። የታሰርኩትም በዚሁ በውሃው ምክንያት ነበር።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። መጀመሪያ የተቀበለኝ የሻገተ በቆሎና የተባይ መድኃኒት ሽታ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ የሰው ላብ። መስኮት የለም፤ ብርሃን የሚገባው በምስማር ቀዳዳዎችና በበሩ ሥር ብቻ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ አጠገብ ቆሜ ቆየሁ። ቀስ በቀስ ሁለት ሰዎች ታዩኝ። አንዱ ረጅም ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው ነው፤ ሌላው አጠር ያለ፣ ጉልበቱን አቅፎ ማዕዘን የያዘ። ሁለቱም የጀመሩትን ወሬ አቋርጠው አዩኝ።

በዚያ ዘመን እንግዳ ሲገባ ወሬ የማይቋረጥበት ቤት አልነበረም። እኔ ግን በተፈጥሮዬም ተጠራጣሪ ነኝ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ያሳደገኝ አባት ነበረኝ። ስለዚህ ገና ሳልቀመጥ ከሁለቱ አንዱ ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ደመደምኩ። የቀረኝ የትኛው እንደሆነ መለየት ብቻ ነበር።

የታሰርኩበት ነገር እንዲህ ነው። ወጣት ሳለሁ የትራክተር ጥገና እንድማር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኬ ነበር። ስመለስ ሠፈራው ላይ ተመደብኩ። የመንደሩ የውሃ ፓምፕ የተበላሸው ገና በጋው ሳይጋመስ ነው። ከወሎ የመጣው ሠፋሪ ከወንዙ ይቀዳ ጀመር፤ ወንዙ ደግሞ ከብትም የሚጠጣው፣ ልብስም የሚታጠብበት ነው። ቀድሞም ወባ ነበረ፤ በላዩ ላይ ተቅማጥ ተጨመረበት። በመቃብሩ በኩል ስናልፍ አዲስ አፈር የማናይበት ቀን ጠፋ። ፓምፑን እንዲጠግን አንድ ጀርመናዊ መካኒክ ተላከልን፤ ቋንቋውን የማውቅ እኔ ነበርኩና አስተርጓሚ ሆንኩት። እሱም መጣ፣ ፈታው፣ አየው፤ የሚለወጠው ዕቃ ግን አልመጣም። በየቀኑ ከፓምፑ አጠገብ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨስና መቃብሩን ያያል።

አንድ ቀን ከበላይ አካል ጎብኚዎች መጡ። ሠፋሪው ወጥቶ አጨበጨበ። ከንግግሩ በኋላ ጀርመናዊው አንድ ነገር እንዲል ተጋበዘ። ሁላችንም ምስጋና ነው የጠበቅነው። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ቬን ዲ ፑምፐ ኒሽት ባልድ ሎይፍት፣ ኮመን ዲ ሎይተ ሂር ኡም።»

ጀርመንኛ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። «ኮመን» መምጣት ነው። ከፊቱ «ኡም» የምትል ትንሽ ቃል ሲቀጠልበት «ኡምኮመን» ይሆናል፤ ያን ጊዜ መምጣቱ ቀርቶ ማለቅ፣ በክፉ አጋጣሚ መጥፋት ይሆናል። ችግሩ፣ ቃሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይሰነጠቃል። «ኮመን» እፊት ይቀመጣል፤ «ኡም» ሌላው ሁሉ ተነግሮ እስኪያልቅ ትጠብቅና በመጨረሻ ብቅ ትላለች። ቸኩሎ የተረጎመ ሰው ሞቱን መምጣት ያደርገዋል። እኔ ግን አማርኛ አፌን የፈታሁበት ባይሆንም የኖርኩበት ነው፤ አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ አድርጎ ሰው መጠበቅ ያስተምራል። ጠበቅሁ። «ኡም» መጣች። «ፓምፑ ቶሎ ካልሠራ ሰዉ እዚሁ ያልቃል» አልኩ።

ጭብጨባ አልነበረም። ከሠፋሪው መካከል አንድ ሰው ብቻ «እውነት ነው!» ብሎ ጮኸ። ጀርመናዊውን በማግሥቱ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሸኙት። እኔን ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ትተውኝ ከቆዩ በኋላ ወደ መጋዘኑ።

መርማሪው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ካድሬ ነበር። ካኪው የተተኮሰ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ንግግሩ የለዘበ። ቢሮው በር ላይ ስደርስ «ኮመን ዚ!» አለኝ፤ በጀርመንኛ «ይምጡ» ማለቱ ነው። እሱም ለአጭር የፖለቲካ ኮርስ እዚያው አገር ሄዶ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ምንም ከማያውቅ ይልቅ ጥቂት የሚያውቅ ሰው ያስፈራል።

«ኮመን ማለት ምንድነው?» አለኝ።

«መምጣት ነው፣ ጓድ።»

«ሎይተስ?»

«ሰዎች።»

«ስለዚህ ‹ኮመን ዲ ሎይተ› ሲል ‹ሰዎች ይመጣሉ› ማለቱ ነው። ሠፋሪ ገና ይመጣልና ፓምፑ ይፍጠን ነው ያለው። ሞቱን ከየት አመጣኸው?»

«መጨረሻ ላይ ‹ኡም› ብሏል፣ ጓድ።»

«እም እኔም እላለሁ። ሰው ሲያስብ እም ይላል።»

የቻልኩትን ያህል አስረዳሁት። ቃሉ አንድ መሆኑን፣ ሲነገር እንደሚሰነጠቅ፣ ጭራው መጨረሻ እንደሚቀመጥ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ ወንበሩ ላይ ወደኋላ ደገፍ ብሎ ፈገግ አለ።

«ራሱን እዚህ፣ ጭራውን እዚያ እያደረጋችሁ ትነጋገራላችሁ። ይህማ ኮድ ነው።»

«ቋንቋቸው ነው፣ ጓድ።»

«እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ። ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? ኮዱን ማን አስተማረህ?»

«የቋንቋ መምህሬ ናቸው። አሮጊት ናቸው።»

«አሮጊት» ብሎ ጻፈ። እስከ ዛሬ ድረስ እኒያ ደግ ሴትዮ በአንድ ፋይል ውስጥ በሰላይነት ተመዝግበው ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሁለቱም ምን እንደተጠየቅሁ ጠየቁኝ። አልመለስኩላቸውም። ባለነጩ ቆብ ከአሶሳ ወዲያ መንጌ ከምትባል አገር የመጣ ሰው ነው፤ ወርቅ አጣቢ፤ ያጠበውን ይዞ በሆሞሻ በኩል ወደ ሱዳን ሊሻገር ነው ተብሎ የተያዘ። ከአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ከበርታዎች ወገን ነው፤ አማርኛውን ያገኘው ከገበያ ነው። ይህ ሰው በየጠዋቱ ይጠራል። ሲመለስ የተመታ አይመስልም፤ አንዳንዴ እንዲያውም በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዞ ይመጣል። ከየት አመጣኸው ሲሉት «ረቢ ሰጠኝ» ብሎ ወደ ሰማይ እያሳየ ይስቃል። አጭሩ የወሎ ሠፋሪ ነው፤ ከሠፈራው ጠፍቶ ወደ አገሩ ሲሄድ ባምባሲ ሳይደርስ የያዙት። እሱ ደግሞ አይጠራም፤ ግን ጥያቄ ያበዛል። ሁለቱ አብረው ይሰግዳሉ፤ ሲጨርሱም በሹክሹክታ ያወራሉ። እኔ ከጴንጤ ቤተሰብ የተወለድኩ የወለጋ ልጅ ነኝና ወደ ግድግዳው ዞሬ በልቤ እጸልያለሁ። የመንጌው ሰው ስኳሩን ሲዘረጋልኝ አልፈልግም አልኩ። የወህኒ ስኳር ጣፋጭነቱ ለማን እንደሆነ አውቃለሁና።

«ጀርመኑን ያስተረጎምኸው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ የወሎው ሰው አንድ ቀትር ላይ። ቆርቆሮው ግሎ፣ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተጣብቀን ነበር።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እውነት ነው ብሎ የጮኸው እኔ ነኝ እኮ፤ ወንድሜ።»

ይህን ስሰማ ጥርጣሬዬ ከመንጌው ሰው ላይ ተነስቶ እሱ ላይ አረፈ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የጮኸው አንድ ሰው፣ ከስንት እስር ቤት መርጦ እኔ የምገባበት ውስጥ ቀድሞኝ ይገኛል? ልኬን አይተው ያሰፉልኝ ልብስ መሰለኝ። «ምን ማስተርጎም? እኔ መካኒክ ነኝ» አልኩት። አየኝና አንገቱን ደፋ።

ጨዋታ ያመጣው የመንጌው ሰው ነው። እሱ ዝምታ አይወድም።

«ስሙኝ» አለ። «ያ ዘማን እኔ አማርኛ አላውቅም፤ ወላሂ! አንድ ቃል ብቻ አውቃለሁ፤ ‹በል›። በል ማለት ተናገር ማለት ነው፣ አይደለም? ሆሞሻ ገበያ ላይ ፖሊስ ያዘኝ። ‹ቁጭ በል!› አለኝ። እኔ ‹ቁጭ!› አልኩ። በጥፊ መታኝ። ‹ቁጭ በል አልኩህ!› አለኝ። ቀስ ብዬ ስለተናገርኩ ነው ብዬ፣ ጮክ አድርጌ ‹ቁጭ!› አልኩ። በቡጢ መታኝ። ወደቅሁ። ‹ብድግ በል!› አለኝ። እንዴ! ቃሉን ቀየረው። እኔም መሬት ላይ ሆኜ ‹ብድግ!› አልኩ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ይስቃል።»

የወሎው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ፤ ከታሰርኩ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ሳቄ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ለካ እኛም አለን! «አለ» ተናገረ ነው፤ «ቁጭ አለ» ግን ተቀመጠ እንጂ ተናገረ አይደለም። እሺ አለ፣ እምቢ አለ፣ ዝም አለ፤ ነገሩን የምትወስነው ትንሿ ቃል ናት። ጀርመኖች ትንሿን ከኋላ ያስከትሏታል፤ እኛ ከፊት እናስቀድማታለን። ትንሿን ያልሰማ ሰው በጥፊ ይመታል። ካድሬውን የማስረዳበት መንገድ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ደስታዬን ግን ለማንም አልነገርኩም።

በማግሥቱ ጠዋት የመንጌውን ሰው ጠሩት። እሱ ሲመለስ እኔን ወሰዱኝ። ካድሬው ወንበሩን በእጁ አሳየኝና በፈገግታ እንዲህ አለ፦

«ቁጭ በል። ‹ቁጭ› እንዳትለኝ ደግሞ!»

በትናንትናው ቀትር በዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። ጨዋታው ሌሊቱን ክንፍ አውጥቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አርፏል። የስኳሩ ምንጭ ተገለጠልኝ። መንጌ፣ ወርቅ፣ ሳቅ፣ ሁሉም ወጥመድ ነው አልኩ በልቤ። ቢሆንም ያገኘሁትን ማስረጃ የምጥለው አልነበረም።

«ጓድ፣ ‹አለ› ማለት ምንድነው?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ። ‹አለ› ማለት ተናገረ ነው። ‹ዝም አለ› ሲሆን ግን አልተናገረም። ‹አለ› የምትለዋን ብቻ የሰማ ሰው፣ ዝም ያለውን ሰው ተናገረ ብሎ ይከስሰዋል። ‹ኮመን›ና ‹ኡም›ም እንዲሁ ናቸው።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከንፈሩ «ዝም አለ… ቁጭ አለ…» እያለ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ነገሩ እንደገባው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። እውነት ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት ወደድሁት፤ ቋንቋ የሚገባው ሰው ሁሉ ደግ ይመስለኝ ነበር።

«ስለዚህ በእርግጥ ያልቃል ነው ያለው?»

«አዎን፣ ጓድ።»

«ቃሉ ሌላ ትርጉም የለውም?»

«በሙቀት ሲማረሩም ይሉታል። ‹በሙቀት ልሞት ነው› እንደምንለው። ደግሞ ለምግብ ይሆናል፤ ሳይበላ ተበላሽቶ በከንቱ ለሚቀር ምግብ።»

«ሙቀት» አለ ቀስ ብሎ። እኔም ቀዳዳው ታየኝ። አሶሳ እንደሆነች ትሞቃለች፤ ፈረንጅ ሙቀት አማረረ ቢባል ማን ይቆጣል? «ሙቀቱን ይሆናል ያማረረው» ልል አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«አይ፤ በሙቀትም በኩል ቢሆን ሞት የሚል ቃል አይግባ። ወዳጅ አገር የላከው ሰው ‹ሕዝባችሁ ያልቃል› አይልም። ስለማይል አላለም። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ወጥተህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ። እኔ ‹ኮመን ማለት ምንድነው?› እልሃለሁ፤ አንተ ‹መምጣት› ትላለህ። ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀህ? ከዚያ ወደ ትራክተርህ ትመለሳለህ።»

«ሌላ ነገር ብናገርስ?»

ብዕሩን አነሳ። «ያን ጊዜ ጉዳይህ የቋንቋ መሆኑ ይቀራል» አለኝ።

ለካ ቋንቋው ሳይገባው ቀርቶ አልነበረም ያሰረኝ። እንዲያውም ሲገባው ባሰብኝ።

ክፍሉ ውስጥ የመንጌው ሰው «ምን አሉህ?» ቢለኝ ዞር ብዬ ተኛሁ። ሌላም ጊዜ ሲያናግረኝ መልስ አልሰጠሁትም። ቅር እንዳለው ያስታውቃል፤ ግን አልተቆጣም። አርብ ጠዋት እሱን ሲጠሩት ከወሎው ሰው ጋር ብቻችንን ቀረን።

«እኔን ትጠረጥረኛለህ» አለኝ ቁርጥ አድርጎ። «አይፈረድብህም። እኔም ገና ስትገባ አንተን ጠርጥሬ ነበር። እጁ ግሪስ ነው፤ አፉ ግን የተማረ፤ ሰላይ ነው ብዬ።»

ፈገግ አልኩ።

«ተሠፈራው የጠፋሁት ልጄን ቀብሬ ነው። ፈረንጁ በተናገረ በሳምንቱ ሞተችብኝ። እናቷ አገራችን ላይ በረሃቡ ሄዳለች፤ እሷን በጀርባዬ አዝዬ፣ ተመኪናው ወርጄ፣ እዚህ ደረስኩ። ተረሃቡ ያመለጠችውን ልጅ የወንዙ ውሃ በተቅማጥ ወሰዳት። አገሬ ገብቼ ለዘመድ እንኳ ልንገር ብዬ ነው የወጣሁ።»

ነገሬን ሳልወድ ነገርኩት። ካድሬው ያለኝን፣ ቅዳሜ ምን እንድል እንደሚፈለግ፣ የቃሉንም ትርጉሞች ሁሉ። የምግቡ ጋ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ሳይበላ በከንቱ ለቀረ ምግብ?»

«አዎን።»

«እንዲያው በከንቱ?»

«በከንቱ።»

«እሱ ነው ልኩ» አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሬ ሰው። የወለድሁትስ ጠፍታለች። የተናገርኸው እንኳ አይጥፋ። ባለሥልጣን ፊት ስለኛ የተነገረ ሌላ ነገር የለማ።»

የልጅቱን ስም ጠየቅሁት። ነገረኝ። ቢሆንም፣ ተጠራጣሪነት ክፉ በሽታ ነውና፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። እምቢ እንድል የሚገፋኝ ይህ ሰው፣ ልጅም ቀብርም የሌለው፣ ጥፋተኝነቴን እንዲያጸና የተላከ ቢሆንስ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስታችንንም በመኪና ጭነው ወደ መንደሩ ወሰዱን። ስብሰባው ከአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። በአንድ በኩል ሠፋሪው፣ በሌላ በኩል ከአካባቢው መንደሮች የተጠሩ በርታዎች ተቀምጠዋል። የወሎውን ሰው ለመቀጣጫ ከፊት አቆሙት። የመንጌውን ሰው ግን ከካድሬው ጎን አቆሙት። ካድሬው በአማርኛ ይናገራል፤ እሱ ወደ በርታዎቹ ዞሮ በቋንቋቸው ይመልሳል። በየጠዋቱ የሚጠሩት ለዚህ ነበር፤ አማርኛ የማያውቁ በርታዎች ሲታሰሩ ቃላቸውን እንዲያስተረጉም። እሱም እንደኔ አስተርጓሚ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳልነገረን ገባኝ፤ እኔስ መካኒክ ነኝ ብዬ አልነበር?

ተጠራሁ። ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

«ጀርመንኛ ታውቃለህ?» አለ ካድሬው ለሕዝቡ እንዲሰማ።

«አውቃለሁ።»

«ኮመን ማለት ምንድነው?»

«መምጣት» አልኩ።

«ሰማችሁ? መምጣት! ሰዎች ይመጣሉ ነው ያለው። ጓዳችን በትርጉም ተሳስቶ ነው፤ ስህተቱን ራሱ አርሟል። አለቀ!»

ወደ ሠፋሪው አየሁ። የወሎው ሰው እኔን አያየኝም ነበር፤ ከፓምፑ ባሻገር መቃብሩ ወዳለበት ነበር የሚያየው። ሰላይ ከሆነ መልሴን ለመስማት ጆሮውን ያቆም ነበር። እሱ ግን መስማት የማይፈልግ ሰው ነበር የሚመስለው። ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ለቀቀኝ።

«አላለቀም፣ ጓድ» አልኩ።

«ምን?»

«ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። አንዲት ቃል ቀርታለች።»

ፊቱ ጠቆረ። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተራምዶ በቁጣ ጮኸ፤ «ቁጭ በል!»

«ቁጭ!» አለ አንድ ትልቅ ድምፅ።

የመንጌው ሰው ነው። አንገቱን ቀና፣ እጁን እንደ ወታደር ወደ ጎኑ ልጥፍ አድርጎ፣ በሙሉ ድምፁ ነው ያለው። መጀመሪያ በርታዎቹ ሳቁ፤ ጨዋታውን ሁሉም ያውቁታል። ሳቁ ወደ ሠፋሪው ተሻገረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንዱ ታጣቂ እንኳ ፊቱን አዞረ። ካድሬው የትኛችን ላይ እንደሚጮህ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ሲያይ፣ እኔ የቀረችኝን ቃል ተናገርኩ።

«ኡም» አልኩ። «ከነጭራው ሲሆን ትርጉሙ ያው ነው። ፓምፑ ቶሎ ካልሠራ ሰዉ እዚሁ ያልቃል።»

ሳቁ ቆመ። የወሎው ሰው ከመቃብሩ ዓይኑን መልሶ አየኝ። «እውነት ነው» አለ፤ በዚህኛው ጊዜ ሳይጮህ። አንዲት ሴት ደገመችው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የመንጌው ሰው ሳይታዘዝ ወደ በርታዎቹ ዞሮ ነገሩን በቋንቋቸው አስተረጎመላቸው። ጥፊው ያገኘው ትርጉሙን ሳይጨርስ ነው።

ስንመለስ መኪናው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከንፈሩ ተተርትሮ ነበር።

«አማርኛው ጠፋብህ እንዴ?» አልኩት።

«ጠፋች» አለኝ። «ወላሂ ድንገት ጠፋች።»

«ጨዋታውን ለካድሬው የነገርከው ግን አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። ለሁሉም እነግራለሁ። የሳቀ ሰው እጁ ይደክማል፤ ቀስ ብሎ ይመታል።» ከኪሱ የስኳሯን ወረቀት አወጣ። «አሁን ትበላለህ?»

በላሁ። ከዚያች ስኳር የሚበልጥ ጣፋጭ ነገር በሕይወቴ አልቀመስኩም።

እሁድ ሳይነጋ ለያዩን። እኔን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱኝ፤ የወጣሁት መንግሥት ሲለወጥ ነው። ፓምፑ በዚያው ዓመት ተጠገነ አሉ። በእኔ ንግግር ነው ብዬ አልመጻደቅም፤ ምናልባት ዕቃው ሊመጣ የነበረው ያኔውኑ ነበር። የመንጌውን ሰው ኋላ ፈልጌ አገኘሁት፤ አርጅቶ፣ ያንኑ ጨዋታ ለልጅ ልጆቹ እያወራ። የወሎውን ሰው ግን አላገኘሁትም። አገሩ ገብቷል የሚሉ አሉ፤ አልገባም የሚሉም አሉ።

አሁን አሶሳ ውስጥ ጀርመንኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ወደዚያ አገር ሄደው አስታማሚ ለመሆን የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ስቀመጥ በሩን ወደሚያሳየኝ በኩል ነው የምቀመጠው፤ አዲስ ተማሪ ጥያቄ ሲያበዛብኝም ማን ላከው እላለሁ በልቤ። ከዚያ በራሴ እስቃለሁ።

የሚሰነጠቁት ቃላት ጋ ስንደርስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ኮመን ዲ ሎይተ» ብዬ ጽፌ ጠመኔውን እይዛለሁ። ሁልጊዜ አንዱ ይቸኩላል፤ «ሰዎቹ ይመጣሉ!» ይላል። «አላለቀም፤ ጠብቅ» እለዋለሁ። ከዚያ «ኡም»ን እጽፋለሁ። ሦስቱንም ትርጉም እነግራቸዋለሁ። የሙቀቱን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ የምግቡን ሲሰሙ ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። የመጀመሪያውን በምሳሌ አሳየን ሲሉኝ፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ ስም አስገብቼ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ። ስሙን ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። የነገረኝ አባቷ ነው።